ምርኩዙን ወጣቱ ራሱ ይጥረበው

ጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ በጨርጨር ተራሮች መካከል የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። የገጠሩ ልጅ ጋራውን በእግሩ ያውቀዋል፤ ከብት ጠብቆበታል፣ እንጨት ለቅሞበታል፣ ገበያ ወርዶበታል። የከተማው ተማሪ ግን ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ ደን መመናመን ደብተሩን ሞልቶ ይጽፋል እንጂ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለውን ተዳፋት ረግጦ አያውቅም ማለት ይቻላል። የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ክበብ ግን በክረምት ችግኝ ተክሎ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ሥራ ይፈታል። በእነዚህ ከተሞች ያሉ የወጣት ማኅበራትና ክበባት የዓመት ሥራቸውን በአንድ ቀላል ነገር እንዲጀምሩ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ እያንዳንዱ አባል የእግር ጉዞ ምርኩዙን ራሱ ይሥራ። ተገዝቶ ወይም ተለግሶ አይሰጠው፤ ራሱ መርጦ፣ አድርቆ፣ ጠርቦና ምልክቱን አሳርፎበት ይያዘው።

መጀመሪያ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ ፊት ለፊት ልመልሰው። በግጭት የተፈተነ አካባቢ ላይ ለወጣት ዱላ ማስያዝ ምን ይባላል? ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ ምድር ዱላ የጠብ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በኦሮሞ ባህል እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ሲንቄ የተባለች በትር የሴት ልጅ ክብር ምልክት ናት፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠበኞቹ እጃቸውን መሰብሰብ ግዴታቸው ነው። አባ ገዳው የሚይዘው ቦኩ የተባለው በትርም የሥልጣንና የሕግ ምልክት ነው። የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ መቀመጫ የሆነው ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው እዚሁ ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ነው፤ የጭሮው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። ይህ የበትር ትርጉም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት አካል ነው። ካህኑ በመቋሚያው ተደግፎ ያድራል፤ ሽማግሌው በከዘራው ይታወቃል። እንግዲህ ጥያቄው ወጣቱ ዱላ ይያዝ አይያዝ ሳይሆን፣ የያዘው ዱላ ምን ትርጉም ይኑረው ነው። ከመንገድ ዳር ተሰብሮ የተነሣ ፍልጥ ባለቤት የለውም፤ ማን እንደወረወረውም አይታወቅም። ወራት የተደከመበት፣ ስም የተጻፈበት፣ በክበቡ መዝገብ ቁጥር ያለው ምርኩዝ ግን ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል። ሴቶቹ አባላት ስለ ሲንቄ ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው ጠይቀው ለወንዶቹ ቢያስረዱ ደግሞ ማንም አሠልጣኝ የማይሰጠው ትምህርት ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደን ነው፤ መቶ ወጣት መቶ ቀንበጥ ቢቆርጥ ጥበቃው የት አለ? ስለዚህ ከወይራና ከጥድ እጅ ይነሣ። ለሐረርጌ የሚቀርበው እንጨት ሌላ ነው። ያረጀ ቡና ምርቱ ሲቀንስ ገበሬው ከምርት ለቀማ በኋላ ይጎነድለዋል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፣ የተቆረጠው ግንድ ግን ምድጃ ውስጥ ይገባል። የቡና እንጨት ጠንካራና ጥብቅ ነው፣ ሲለሰልስም ያምራል። እርግጥ ሁሉም ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከብዙ ግንድ መካከል አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል፤ መምረጡም የሥራው አካል ነው። ቀጥ ያለ ከጠፋ ከባሕር ዛፍ ጉቶ ከሚያቆጠቁጡት ብዙ ቀንበጦች የሚሳሳውን መውሰድ ይቻላል፤ ይህ ግን ሲደርቅ መጥመምና መሰንጠቅ ይወዳል።

የአሠራሩ ትልቁ ክፍል ትዕግሥት ነው። ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ከባለቤቱ ብብት ትንሽ ከፍ የሚል እንጨት ይመረጣል። ቅርፊቱ ሳይላጥ፣ ሁለቱ ጫፎች ሰም ተቀብተው በጥላ ስር ወራት ይሰነብታል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። የጎበጠው በእሳት ሞቅ ተደርጎ ይቃናል። ከዚያ በቢላዋ ይላጣል፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በተልባ ዘይት ይታሻል፤ የተልባ ዘይት እንጨቱ ላይ ደርቆ ውኃ ይከላከላል። ለታችኛው ጫፍ ያረጀ ጎማ ይበቃዋል። የቀጥቃጭ እጅ የገባበት የብረት ጫፍ አንካሴ ያደርገዋልና ከላይ ስላነሣሁት ስጋት ስል ጎማውን እመርጣለሁ። ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የወጡበት ጋራ ስም በጋለ ሚስማር ይጻፍበታል።

ከጌጡ ይበልጥ የሚጠቅመው ምልክት ግን ልኬት ነው። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓወል በ1908 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የስካውት ዱላ በጫማና በኢንች ምልክት እንዲደረግበት ያሳሰበው በከንቱ አይደለም። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የተከፋፈለ ምርኩዝ የወንዝን ጥልቀት ይለካል፤ የራሱን ጥላ ከዛፍ ጥላ ጋር በማነጻጸር የዛፉን ቁመት ያሰላል። ሁለት እኩል ምርኩዞች ከላይ ታስረው፣ ሦስተኛው በመካከላቸው አግድም ሲታሰር፣ ከአናታቸውም ድንጋይ የተቋጠረበት ገመድ ሲንጠለጠል፣ ለእርከን ሥራ እኩል ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ ይሆናሉ። እግሮቹ በሁለት ነጥብ ላይ ቆመው ገመዱ አግዳሚው ላይ ያረፈበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ እግሮቹ ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ምልክት ይደረጋል፤ የሁለቱ ምልክት መካከል ልኩ ነው። በየዓመቱ የተፋሰስ ዘመቻ ለሚካሄድበት፣ ተዳፋት ለሚታረስበት ወረዳ ይህ ጨዋታ አይደለም። ጂኦሜትሪ በሰሌዳ ላይ ያልገባው ተማሪ በገደሉ ጠርዝ ላይ ሊገባው ይችላል።

ወጣቱ የሚፈልገው ሥራ እንጂ ምርኩዝ አይደለም የሚሉም አሉ። ምርኩዝ ሥራ አጥነትን ይፈታል አልልም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ መሸጥ በደል ነው። ነገር ግን እንጨት ማድረቅ፣ ማቃናትና መላግ የቻለ እጅ የዶማና የመጥረቢያ እጀታ ለመሥራት ሩቅ አይደለም። ተገዝቶ የሚመጣው የአሉሚኒየም ምርኩዝ ይሻላል የሚለውም እውነት አለው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሁለት ምርኩዝ ቁልቁለት መውረድ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈውን ጫና እስከ 25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ የእንጨት ምርኩዝ ያን ያህል አይሰጥም፤ ሲሰበር ግን ባለቤቱ ሌላ መሥራት ይችላል።

ጉዞው ሰላም በሆነበት፣ የቀበሌውና የአገር ሽማግሌዎች ባወቁት ቦታ ይጀመር፤ ከከተማው አጠገብ ያለ ጋራ ይበቃል። ሁኔታው ሲፈቅድ ለደጋ አጋዘን ተብሎ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተከለለውን የኩኒ ሙክታርን መጠለያ ማየት ይገባል፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የትም አይኖርም፤ በአደንና በደን መመንጠር ክፉኛ ተጎድቷል። የክበብ መሪዎችና መምህራን ሆይ፣ ከቡና ገበሬዎች ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። በጥርና በየካቲት ከሚጎነደለው ቡና ቀጥ ያለው ግንድ ወደ ምድጃ ሳይገባ ከተለየ፣ ለመስከረም ደርቆ ለቢላዋ ይደርሳል።