ውጤቱን ለራሷ ንገሯት
ከአየር ጤና ተነስታ በሜክሲኮ በኩል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለጡት ካንሰር ምርመራ የምትሄድ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን አትሄድም፤ ወንድም ወይም ልጅ ይከተላታል፣ ደግ ነገር ነው። ችግሩ የሚጀምረው የናሙናው ውጤት ሲደርስ ነው። ታማሚዋ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ እንድትጠብቅ ይደረግና ነገሩ ለወንድሟ ይነገራል፤ እሷ «እጢ ነው፣ ይወጣል» ትባላለች። እንዳትደነግጥ ታስቦ ነው፤ ፍቅሩን አልጠራጠርም። ግን የሚቆረጠው የእሷ ጡት ነው! በጊዜ የተደረሰበት የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ ሁለት መንገድ አለው፦ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ፣ ወይም እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ቀሪውን በጨረር ማከም። ሁለተኛው የጨረር ወረፋ አለበት፤ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ የወረፋውን ምሬት የደረሰበት ያውቀዋል። ቆይታ መውለድ የምታስብ ወጣትም ኬሞ ከመጀመሯ በፊት ከሐኪሟ ጋር የምትነጋገረው አለ፤ መድኃኒቱ የመውለድ አቅምን ሊጎዳ ይችላልና። ሕመሟ የተደበቀባት ሴት ይህን ሁሉ እንዴት አድርጋ ትመርጣለች? የስምምነት ቅጽ ላይ ያስፈረሟት እንደሆነ ፊርማ ብቻውን ምርጫ አይሆንም። «እኔ መስማት አልፈልግም፣ ለልጄ ንገሩልኝ» የምትል እናትም መብቷ ነው፤ ቃሉ ግን ከራሷ አንደበት ይውጣ። ሐኪሞቻችን፣ እባካችሁ ውጤቱን ለማንም ከመናገራችሁ በፊት «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ማንስ አብሮሽ ይስማ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ቤተሰብም መልሷን አክብሩላት።