«መቼ?» ብሎ መዝገብን መጠየቅ

ከዶዶላ ተነሥተው ወደ ሼክ ሁሴን ለዝያራ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ አሉ እንበል። «አገርዎ የት ነው?» ብንላቸው «ባሌ» ይሉናል። አብሯቸው የሚጓዘው የልጅ ልጃቸው ግን «ምዕራብ አርሲ» ይላል። ሁለቱም በአንድ ቤት ተወልደዋል፤ ሁለቱም አልዋሹም። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ ዶዶላ በባሌ ዞን ተጽፋ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ግን በምዕራብ አርሲ ተጻፈች። የሚሄዱበት የሼክ ሁሴን አገር ራሱ በ1999 ዓ.ም. ከባሌ ዞን ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ በምሥራቅ ባሌ ነው። ቤቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ ወሰኑ ተለወጠ።

እንግዲህ ጸሐፊው አሮጌውን ቃል ሰርዞ አዲሱን ብቻ ቢተው፣ «ባሌ» የሚል የልደት ወረቀት ይዞ የመጣ የዶዶላ ልጅ እንደ አታላይ ሊቈጠር ነው። በኮምፒዩተር መዝገብም ችግሩ ይኸው ነው። ተራው መዝገብ የሚያውቀው ዛሬን ብቻ ስለ ሆነ፣ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይጠፋል።

ለዚህ መድኃኒት ሲፈለግ ብዙ ዘመን ሆኗል። ሪቻርድ ስኖድግራስ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር የመሩት ቡድን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ቲ-ኤስ-ኪው-ኤል-2 የተባለውን፣ መዝገብን ስለ ጊዜ መጠየቂያ ቋንቋ አወጣ። በ2011 ደግሞ በብዙ አገር የሚሠራበት ኤስ-ኪው-ኤል የተባለው የመዝገብ ቋንቋ የጊዜን ነገር በደንቡ ውስጥ አገባ።

የነገሩ ምስጢር ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፤ አንደኛው ነገሩ በእውነት የሆነበት፣ ሁለተኛው መዝገቡ ያወቀበት ጊዜ ነው። በሮቤ የሚሠራ አንድ ጸሐፊ ደመወዙ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እንዲጨመር ተፈቀደለት፤ ደብዳቤው ግን ከመዝገብ የገባው በታኅሣሥ ነው እንበል። «በኅዳር የሚገባው ስንት ነበር?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ አዲሱ ደመወዝ ነው። «በኅዳር መዝገቡ ስንት ይል ነበር?» ብንል ግን አሮጌው ነው። የመጀመሪያው መልስ ለጸሐፊው ውዝፉን ያስከፍለዋል፤ ሁለተኛው በኅዳር አሮጌውን የከፈለውን ገንዘብ ያዥ ከሐሜት ያድነዋል። አንዱ ብቻ ተጽፎ ቢቀር ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ይበደላል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፤ መዝገባችሁ ኮምፒዩተርም ይሁን ደብተር፣ ስታርሙ የቀድሞውን አትፋቁት። ከመቼ እስከ መቼ እንደ ነበረ ጻፉና አዲሱን፣ ከገባበት ቀን ጋራ፣ ከሥሩ አስከትሉ። ዛሬ የምትፍቁት መስመር ነገ የአንድ ሰው ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላልና።