ሙቀቱን ብቻ አንውቀስ

በላስታ በበጋው መገባደጃ የጓሮ ዶሮ በድንገት ሲያልቅ ሙቀቱን መውቀስ ይቀናል። ዶሮ ላብ ስለማያወጣ ሙቀት ሊገድላት መቻሉ እውነት ነው፤ በተለይ ውሃ አጥታ አየር በማያስገባ የቆርቆሮ ቤት ከተዘጋባት። ነገር ግን የላስታዋ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት፤ ማታ ይበርዳል፣ ዶሮዎቹም ቀኑን በጥላ ሥር ሲጭሩ ይውላሉ። ሙቀት የሚገድለው በቀትርና ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። ሞቱ ሌሊትም ከቀጠለ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ከተዛመተ፣ ዶሮዎቹ አረንጓዴ ኩስ ከጣሉ፣ ትንፋሽ ካጠራቸውና አንገታቸው ከተጣመመ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፈንግል የተባለው የቫይረስ በሽታ ነው።

ወቅቱም ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ለፋሲካ ዶሮ ከየቀበሌው ወደ ገበያ ይጎርፋል፤ ሳይሸጥ የተመለሰው በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። የታመመችውን ቶሎ ሸጦ መገላገል ለድሃ ቤት ኪሳራ መቀነሻ ቢመስልም፣ ቫይረሱን በቅዳሜ ገበያ ማከፋፈል ነው። «ክትባቱ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ለአምስት ዶሮም ብልቃጥ አይከፈትም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሁለተኛው ተገቢ ነው፤ መልሱ የአንድ ጎጥ ሰው ዶሮውን በአንድ ቀን ማስከተቡ ነው። ለመጀመሪያው ግን፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋም፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ክትባት ያመርታል። ዶሮ ሲያልቅ የሚቋረጠው የእንቁላል ገንዘብ በአብዛኛው የእናቶች ነው፤ ጨውና ደብተር ይገዛል። ስለዚህ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ክትባቱን ወደ ቀበሌ ያውርዱ፤ ሞት በተሰማበትም ናሙና ወደ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ይላኩ።