የንግድ ሥራ አስተዳደር ምን ያስተምራል?

ባለፈው ሳምንት ትምህርት አብቅቶ ልንበተን ስንል አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ ከተማ ኮሌጅ ገብቼ ማኔጅመንት እማራለሁ ይላል። ለቤት ኪራዩና ለቀለቡ ወይፈን ልሸጥለት ነው። ለመሆኑ ማኔጅመንት ምንድን ነው? ሰው ማዘዝ ነው?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ወይፈን ቀላል ሀብት አይደለም።

ማኔጅመንት ማለት ሥራ አመራር ነው። ማዘዝ አለበት፤ ማቀድና መቆጣጠርም አለበት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሒሳብ አለ። በቃል ብንነግራቸው አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር እኛም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቃል ሲነገረን አልገባንም ነበር። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማኅበር ሱቅ ከፈትን።

ማኅበሩ 100 ሳሙና ገዛ እንበል። አንዱን በ20 ብር ገዛ። 2000 ብር ወጣ። አንዱን በ23 ብር ሸጠ። 2300 ብር ሆነ። «300 ብር አተረፈ!» አሉ አንዲት እናት ከፊት ወንበር። ገና ነው እማማ! ለአህያ ጭነት 150 ብር፣ ለሻጩ 100 ብር ተከፍሏል። የቀረው ትርፍ 50 ብር ነው።

አሁን ሣጥኑን እንክፈት። 8 ሳሙና በዱቤ ወጥቷል። ዋጋው 184 ብር ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው 1866 ብር ብቻ ነው። በዚህ ገንዘብ 93 ሳሙና ይገዛል፤ መቶ አይሞላም። ትርፍ አለ፤ ገንዘብ ግን የለም።

ዱቤው ካልተጻፈ ሰው ምን ይላል? «ገንዘብ ያዡ በላው» ይላል። ይህን ስንል ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀድሞ የዕድር ገንዘብ ያዥ ነበሩ። «እኔ የወረድኩት በዚሁ ነው። ፊደል አላውቅም፤ ሁሉን በጭንቅላቴ ነበር የያዝኩት። አንድ ሳንቲም አልነካሁም» አሉ። የሚናገር ሰው ጠፋ።

በ1837 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በእንግሊዝ አገር፣ በሮችዴል ከተማ፣ 28 ሰዎች የማኅበር ሱቅ ከፍተው ነበር። ከመካከላቸው ሸማኔዎች ነበሩ። ያዋጡት ገንዘብ 28 ፓውንድ ነበር። ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር ይሸጡ ነበር። በዱቤ ግን አይሸጡም ነበር። ትርፉንም አባላቱ በገዙት ዕቃ መጠን ይካፈሉት ነበር።

ኮሌጅ የሚሰጠው ትምህርት ይህንኑ አስፍቶ ነው። የሒሳብ መዝገብ፣ የዕቃ ቆጠራ፣ የሠራተኛ አያያዝና የገበያ ጥናት ይማራሉ። ዲፕሎማው ብቻውን ሥራ ያስይዛል ብለን ግን አንዋሽም። አባባ ወይፈኑን ከመሸጥዎ በፊት ኮሌጁ ፈቃድ እንዳለው ያጣሩ አልናቸው።

ወይፈኑ እስካሁን በረት ነው። እሳቸው የሳሙናውን ሒሳብ በደብተራቸው ገልብጠዋል። ልጁ ቅዳሜ ሲመጣ መልሱን ሸፍነው ሊጠይቁት ነው።