ፊርማው የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት በሕግ ተማሪዎች ክርክር ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ «መንግሥት የሚያሳድገውን ልጅ መንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ቢያስገባው ምን ያስደንቃል? አባቱ አይደለምን?» ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብሁም። ወንድማችንን አከብረዋለሁ፤ ነገሩ ግን በጭብጨባ የሚታለፍ ስላልሆነ በዚህ ገጽ እመልስለታለሁ።

የተከራከርንበት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በፓርሃምና በጄ.አር. ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። በስሙ መነሻ ፊደሎች ብቻ የሚጠራው ጄ.አር. የጆርጂያ ልጅ ነው። ወላጆቹ አልተንከባከቡትም ተብሎ መንግሥት በ3 ወሩ ወሰደው። ከዚያም በ7 የአደራ ቤተሰቦች ዘንድ ተራ በተራ ዞረ። ሰባተኞቹ «ውሰዱልን» ባሉ ጊዜ፣ ጠባቂው መሥሪያ ቤት የ7 ዓመቱን ሕፃን በ1970 ወደ መንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል አስገባው። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ሕመሙን ከዘረዘሩ በኋላ፣ ከእኩዮቹ ጋር መኖርና መጫወት ደስ እንደሚለው ጨመሩበት። ለዚህስ ሰፈርና ኳስ ይበቃ ነበር! በ1975 ክስ ሲመሠረት ልጁ ገና እዚያው ነበር። አብሮት የከሰሰው ጄ.ኤል.፣ እሱ በእናቱ ፊርማ የገባ ነው፣ የመጨረሻውን ፍርድ ሳይሰማ ሞተ።

የታችኛው ፍርድ ቤት በ1976 የጆርጂያን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ይህን ገለበጠው። ዋናው ዳኛ በርገር በጻፉት ፍርድ፣ ገለልተኛ መርማሪ ልጁን ካየው ይበቃል፤ መርማሪውም የሆስፒታሉ ሐኪም ሊሆን ይችላል፤ አስቀድሞ ችሎት መቀመጥ አያስፈልግም ተባለ። ወላጅ ለልጁ እንደሚያስብ ሁሉ፣ አሳዳጊ የሆነ መንግሥትም ያስባል ተብሎ ተገመተ።

ጠባችን ከዚህ ግምት ጋር ነው። እናት ፈርማ ልጇን ስታስገባ፣ ማታ ባዶ አልጋውን ታያለች፤ በማግሥቱ ምግብ ቋጥራ ልትጠይቀው ትሄዳለች። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲፈርም ግን የሚያየው አንድ መዝገብ ከጠረጴዛው ላይ መነሣቱን ነው። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ስምንተኛ ቤት ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ስለሆነ ነው። የእናት ፊርማ ያስለቅሳታል፤ የመሥሪያ ቤቱ ፊርማ ሸክም ያቀልለታል። እንግዲህ ሁለቱንም «ፈቃድ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ምን ዓይነት ሕግ ነው? ደግሞስ አመልካቹ መንግሥት፣ ፈቃጁ መንግሥት፣ ሆስፒታሉ የመንግሥት፣ ሐኪሙም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። ልጁ ብቻ የማንም አይደለም።

ሐኪሙ አለ አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሐኪሙን አልነቅፍም። ዳሩ ግን ሐኪም የሚጠየቀው «ታሟል ወይ?» ተብሎ ነው። «ሌላ ቤት ማን ፈለገለት? ስንት ቀን ፈለገ?» ብሎ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ የማስገለጥ ሥልጣን የለውም። በ1973 ይህንኑ ጉዳይ ያጠናው የጆርጂያ ኮሚሽን፣ ሌላ እንክብካቤ በየአካባቢው ቢኖር ኖሮ በሆስፒታል ካሉት ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት መተኛት ባላስፈለጋቸው ነበር ብሏል። ይህ ሁሉ የሆነው ሐኪሞቹ እያሉ ነው።

ችሎት የሐኪሞችን ጊዜ ይፈጃል ተባለ። ልጁ የፈጀውን ዓመትስ ማን ቆጠረው? ችሎት ልጅንና ወላጅን ያቃቅራል ተባለ። ወላጅ ላለው ልጅ ይህ ሚዛን አለው፤ እኔም አልክድም። ለአደራ ልጅ ግን አይሠራም። ዳኛ ብሬናን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በከፊል ተቃውመው የጻፉትም ይህንኑ ነው፤ ጠባቂው መሥሪያ ቤት ሲሆን ችሎቱ ልጁ ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት።

በራሱ ላይ አደጋ ሊጥል የደረሰ ልጅ ዳኛ እስኪቀመጥ ይጠብቅ የሚል የለም። እሱስ ዛሬውኑ ይግባ፤ ነገር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ የራሱ ጠበቃ ይቁምለት፤ ከመሥሪያ ቤቱም ከሆስፒታሉም ደመወዝ የማይቀበል ሰው ቀርቦ ልጁን ራሱን ያነጋግረው። በቋንቋችን እንዲህ ያለውን ልጅ «የአደራ ልጅ» እንለዋለን። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ ስለ አደራው ሲጠየቅ አይቆጣም።

ፍርዱ ዛሬም አልተሻረም። መምህሮቻችን ሲያስተምሩት ስለ ወላጅ የተባለውን ብቻ ተናግረው፣ ስለ ጄ.አር. በአንዲት ዐረፍተ ነገር ያልፋሉ። በሚቀጥለው ክርክር ርእሱ የአደራ ልጅ ብቻ እንዲሆን ለክርክሩ አዘጋጆች ጽፌአለሁ። ወንድማችንም መልስ ካለው ገጹ ክፍት ነው።