ዘይቱን ከመድፋታችሁ በፊት

እናንተዬ፣ ዛሬ ስለ ዘይት ልናወራ ነው። ስለ ምግብ ዘይት አይደለም፤ የእሱ ዋጋ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የምናወራው ከሞተር ሳይክል ሆድ ስለሚወጣው፣ ጠቁሮ ስለሚደፋው፣ ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው አሮጌ ዘይት ነው። “ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ዘይት ቅየራ?” የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰን። ነገሩ የገባን ዘግይቶ፣ ያውም ዋጋ ከፍለንበት ነው።

እኛ ቤት አንድ ሞተር ሳይክል አለ። በዕቁብ ብር የተገዛ ነው። ታናሽ ወንድማችን ዕቃ ያደርስበታል። ከቦሌ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ጀሞ፣ ምግብም ሰነድም ጫማም ያመላልሳል። ማታ ሲገባ የምንጠይቀው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነበር፦ “ሥራ እንዴት ነበር?” ትርጉሙ “ስንት አገኘህ?” ነው። ስለ ሞተር ሳይክሉ ጤና የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጠዋት ይነሳል፣ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል?

አንድ ቀን ዘይት ሊያስቀይር ሄደ። መካኒኩ የሥሩን ብሎን ፈታ፤ ዘይቱ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ወንድማችን ሳፋው ዳር ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አየ። የሩዝ ስባሪ የሚያህሉ ሁለት ሦስት የብረት ቅርፊቶች ናቸው። “ይሄ ምንድን ነው?” አለ። “አይዞህ የኔ ወንድም፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ ያለ ነው” አለው መካኒኩ። ሳፋውን በርሜል ውስጥ ገለበጠ፣ ብሎኑን በጨርቅ ጠረገ፣ አዲሱን ዘይት ሞላ። ዐሥር ደቂቃም አልፈጀ።

ወንድማችን ያን ማታ አልነገረንም። የዕቁቡ ክፍያ ገና አላለቀም ነበር፤ ሞተር ሳይክሉ አንድ ቀን ቢቆም ቤት ውስጥ ምን እንደሚጎድል ያውቃል። እኛም አልጠየቅንም።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ሞተሩ ድንገት ተጣብቆ ቆመ። ማርሽ ገብቶ ሳለ ሞተር እንዲህ ሲቆም የኋላው ጎማም አብሮ ይቆማል። ፍሪሲዮን ለመያዝ እንኳን ጊዜ አይሰጥም። ተንሸራቶ ወደቀ፣ ክንዱ ተሰበረ። ከኋላው ይመጣ የነበረው ሚኒባስ በጊዜ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው ነበር።

ሞተሩ የወረደው ሌላ ጋራዥ ነው፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ መካኒክ ዘንድ። የቢዬላው ኩሽኔታ ተልጦ ተልጦ አልቆ ነበር። “ዘይት ሲቀየር ብረት አላያችሁም?” አሉን። መሬት መሬቱን አየን። “ነግሯችሁ ነበር እኮ” አሉ ጋሼ። ሞተሩን ማለታቸው ነው።

ያን ቀን ያስረዱንን እዚህ እናስቀምጠው፤ ለአንድ ሰው እንኳን ቢጠቅም።

የትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ዘይት ብዙ አይደለም፤ አንድ ሊትር ገደማ ነው። በአብዛኞቹ ላይ ይቺው አንድ ሊትር ሞተሩንም፣ ካምቢዮውንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታለሰልሳለች። ስለዚህ የሦስቱንም ቤት ወሬ ይዛ ትወጣለች። ከአንዱ ቤት የተሰበረ ብረትም ወደ ሌላው ቤት ይዞራል። ብዙዎቹ ደግሞ እንደ መኪና የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም፤ ያላቸው ወንፊት ነገር ነው። ወንፊት ትልቁን ይይዛል፣ ደቃቁን ያሳልፋል።

ብረት ሁሉ ክፉ ወሬ ነው ማለት ግን አይደለም። ማግኔት ያለው ብሎን ላይ የሚለጠፍ እንደ ሊጥ የላመ ግራጫ ዝቃጭ በማንኛውም ጤነኛ ሞተር ላይ ይታያል። አዲስ ሞተር ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ቅየራ ላይ ዘይቱ ብልጭ ብልጭ ቢልም አይገርምም፤ ብረቶቹ እየተላመዱ ነው። የሚያስፈራው በዓይን ተለይቶ የሚታየው፣ በሁለት ጣት የሚያዘው ነው፤ ቅርፊት፣ ስንጥር፣ ስባሪ። ይህን ያየ ሰው ሞተሩን አያስነሳም።

ማግኔት ያስጠጉበት። ከተሳበ ብረት ነው፤ ከማርሽ፣ ከኩሽኔታ ወይም ከውስጥ ሰንሰለቱ ሊሆን ይችላል። ካልተሳበና ነጣ ካለ አልሙኒየም ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ከፒስቶን ወይም ከሞተሩ ገላ የመጣ። ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ ካደላ የነሐስ ዘር ነው፤ ከቡሽ ሊሆን ይችላል። ብሎኑ ላይ እንደ ጸጉር የተጠቀለለ ቀጭን አልሙኒየም ከተገኘ ደግሞ የሞተሩ ሕመም ላይሆን ይችላል። ብሎኑን ከልክ በላይ ያጠበቀ ሰው የቀዳዳውን ጥርስ ልጦት ነው።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ማግኔትና አምስት ደቂቃ ነው። ሄሊኮፕተር ላይ ለዚሁ ሥራ ዘይቱ ውስጥ ማግኔት ይቀመጣል። ስባሪ ብረት ሲይዝ አብራሪው ፊት መብራት ይበራል፤ አብራሪውም “ብረት ከብረት ሲፋተግ ያለ ነው” ብሎ አያልፈውም። የእኛ ሞተር ሳይክል ያ መብራት የለውም። ያለን ሳፋው ላይ ጎንበስ የሚል ዓይን ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ እውነትም አለው። ብልጭታ ባየ ቁጥር የሚደነግጥ ደንበኛ ለአንዳንድ ጋራዥ ገበያ ነው። “ሞተር ይውረድ” ይባላል፤ ጤነኛ ሞተር ተፈቶ የማያስፈልግ ዕቃ ከሶማሌ ተራ ይገዛል። ልክ ነው። ግን የዚህ መድኃኒቱ አለማየት ሳይሆን ለይቶ ማየት ነው። የሚያጠራጥር ደቃቅ ብልጭታ ከሆነ አዲስ ዘይት ጨምሮ ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደገና ማፍሰስና ማወዳደር ይቻላል። ከቀነሰ እሰየው፤ ከጨመረ መልሱ ተገኘ። የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ ከሞተር ማስወረጃ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጥፋቱ የዚያ መካኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሙን ተናግረን እንገላገል ነበር። እሱ የሚከፈለው ዘይት ለቀየረበት ነው፤ ላየበት አይከፈለውም። ከኋላው አምስት ሰው ቆሟል። ወንድማችንም ቢሆን ሰነፍ አይደለም። ያየውን የዋጠው እኛ በየማታው ከምንጠይቀው ጥያቄ የተነሳ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር “ምንጭህን ጠይቅ” ሲባል ከርመን፣ ቤታችን የሚያድረውን ምንጭ “እንዴት ነህ? ምን አየህ?” አላልነውም።

የእሱ እንኳን የቤተሰብ ነው። በሰው ሞተር ሳይክል የሚሠራውና ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ የሚያስገባው ልጅስ? “ዘይቱ ውስጥ ብረት አየሁ” ቢል የሚጠብቀው መልስ “አንተ ነህ ያበላሸኸው” ነው። ለፍተሻ የቆመበት ቀን ገቢም ከእሱ ይጠየቃል። ታዲያ ለምን ይናገራል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። እውነት የተናገረ ሰው ዕዳ ውስጥ በሚገባበት ቤት ግን መደበቅ ብልሃት ይመስላል።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። መካኒኮች፣ ሳፋውን ከመገልበጣችሁ በፊት ለባለ ሞተሩ አሳዩት። የምትነዱ ልጆች፣ ዘይት ሲቀየር ማኪያቶ ልትጠጡ አትሂዱ፤ ስልካችሁንም ኪስ ክተቱ፤ ቆማችሁ እዩ። ባለቤቶችና ቤተሰቦች፣ ሞተር ለፍተሻ የቆመበትን ቀን በነጂው ላይ አትቁጠሩት። ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ ሁለቱ ያለ እሱ አይሆኑም።

ወንድማችን ክንዱ ድኖ ሥራ ጀምሯል። ባለፈው ዘይት ሲያስቀይር አብረን ሄድን። ነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰስነው። ግራጫ ዝቃጭ ብቻ ነበር።

እኛ አገር ስንለያይ “ቸር ያሰማን” እንባባላለን። ጥሩ ምርቃት ነው። እኛ ግን ዛሬ ትንሽ ጨምረንበት እንሰናበታችሁ፦ ክፉም ከሆነ በጊዜው ያሰማን።