ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የጣሪያ ቆርቆሮ፦ ተስፋውና የደረሰበት ደረጃ

በምዕራብ ጎጃም በሽንዲ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የወንበርማ ወረዳ ቀበሌያት ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች በርካታ ናቸው። ጣሪያው ራሱ ኤሌክትሪክ ቢያመነጭ የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰው ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ በሆነ ነበር። የዚህ ሐሳብ መነሻ በቀለም አማካኝነት የሚሠራው የፀሐይ ሴል ነው።

ይህ ሴል እ.ኤ.አ. በ1991 በስዊዘርላንድ በኦሬገንና በግሬትሰል አማካኝነት ይፋ ሆነ። ለነጭ የግድግዳ ቀለም በሚውለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ የተቀባው ማቅለሚያ ብርሃን ተቀብሎ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በአዮዲን የተዘጋጀ ፈሳሽ ደግሞ ማቅለሚያው ያጣውን ይተካለታል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዶቅማ በተገኘ ማቅለሚያ ሴሉን ሠርተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። ይሁንና ከዕፅዋት የሚገኝ ማቅለሚያ የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ነው።

ሴሉ በተለምዶ የሚሠራው በመስታወት ላይ ሲሆን፣ መስታወት ከባድና ተሰባሪ ነው። ብረት ግን አይሰበርም፤ ሽፋኑን ለማጠንከር የሚያስፈልገውን 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ሙቀትም ይችላል፤ ፕላስቲክ ይህን አይችልም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብረት ብርሃን ስለማያሳልፍ ጨረሩ በተቃራኒው ወገን በፈሳሹ በኩል ይገባል፤ በዚህም ከፊሉ ይባክናል። ሁለተኛ፣ አዮዲን ብረትን ይበላል። ታይታኒየምና አይዝጌ ብረት ይቋቋሙታል፤ የተለመደው የቤት ክዳን ቆርቆሮ የተለበጠበት ዚንክ ግን አይቋቋመውም። ታታ ስቲልና የአውስትራሊያው ዳይሶል በዌልስ በጣሪያ ብረት ላይ ያደረጉት የጋራ ጥረትም ለሰፊው ገበያ አልበቃም።

በመሆኑም የሽንዲ ነዋሪ መብራት ለማግኘት ይህን ቆርቆሮ መጠበቅ አይኖርበትም። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር 35 በመቶ ለሚሆነው ተጠቃሚ ከዋናው መስመር ውጭ በሆኑ አማራጮች፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል፣ አገልግሎት ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ለዚህ ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኘው አስተማማኝ አማራጭ የሲሊኮን ሶላር ነው።

ገዢዎች ከመክፈላቸው በፊት በሶላሩ ጀርባ የተጻፈውን የዋት መጠን እንዲያነቡ፣ የባትሪውን ዓይነትና የዋስትናውን ዘመን እንዲጠይቁ፣ ደረሰኝም እንዲቀበሉ ይመከራል። «መብራት የሚሰጥ ቆርቆሮ» በሚል የሚቀርብ ዕቃ ካጋጠመ የዋት መጠኑና ዋስትናው በጽሑፍ ሳይረጋገጥ ገንዘብ መክፈል አይገባም።